ኒጋታ ላይ የገዛሁት አሮጌ ኮንዶሚኒየም

ይሄ የደረሰብኝ ነገር ነው።

እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም። ሰው ማሳመን ጉልበት ይጠይቃል... የእኔ ጉልበት ደግሞ ካለቀ ቆየ። የሆነውን እንዳለ እጽፈዋለሁ፤ የቀረው የእናንተ ነው።

ቦታው ኒጋታ ከተማ ነው። ከሺናኖ ወንዝ ብዙም የማይርቅ አሮጌ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

አዎ... በቀን። በጠራራ ብርሃን።

ሚዮኮ እባላለሁ። ሃምሳዎቹን ጀምሬያለሁ። አላገባሁም፤ የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። እናቴን እግሯ ከድቷታል፤ ሰው ካልደገፋት ከወንበሯ አትነሳም። መርሳትም ጀማምሯታል። አንዳንድ ቀን ስሜ ይጠፋባታል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ከሞተ ለቆየው አባቴ "ምሳ አቅርቢለት እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" ትለኛለች።

ጠዋት ጠዋት የሩዝ ብስኩት ፋብሪካ እሠራለሁ። ከሰዓት ቤት እገባና እናቴን አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አስተኛለሁ። ሲነጋ... እንደገና።

በዚያ ላይ በረዶው አለ። የወላጆቼ ቤት የእንጨት ቤት ነበር። የእኛ አገር በረዶ እንደ ጥጥ ቀሎ አይወርድም፤ እርጥብ ነው፣ ከባድ ነው። ከጣሪያው ላይ ካልተዛቀ ቤቱን ይዞት ይወርዳል። የሚዝቀው ደግሞ ማነው? እኔ።

አንድ ቀን አካፋዬን ይዤ ጣሪያው ላይ ቆሜ ቁልቁል አየሁ።

ብወድቅስ? አልኩ ለራሴ። ብወድቅ እኮ ሆስፒታል ተኝቼ እውላለሁ። ማንም አይጠራኝም።

ሐሳቡ ጣፈጠኝ። ያኔ ነው ራሴን የፈራሁት።

በዚያው ሳምንት ቤት መፈለግ ጀመርኩ።

ደላላው አቶ ኦሪሃራ ወሬ የሚወድ፣ ሲስቅ ድዱ የሚታይ ሰው ነው።

"ሊፍት አለው፣ እመቤቴ። ጣሪያ የለብዎትም፣ በረዶ የለብዎትም። ሕንጻው አርጅቷል፣ አልደብቅዎትም። ግን አሮጌ ቤት ማለት የተፈተነ ቤት ማለት ነው። ስንት የመሬት መንቀጥቀጥ አልፏል መሰልዎት?"

እኛ ዘንድ አሮጌ ቤት የሚገዛ ሰው የማይረሳው አንድ ጥያቄ አለ። ጠየቅኩት።

"ሰው ሞቶበታል?"

ሳቁን አቆመ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

"በፍጹም። ሞቶበት ቢሆን ሳልነግርዎት መሸጥ አልችልም፤ ሕግ አለ። እዚህ ቤት ውስጥ ማንም አልሞተም።"

አልዋሸኝም። ይሄንን ዛሬም እመሰክርለታለሁ።

እናቴን በዊልቸር ይዣት ገባሁ። ክፍሎቹ ባዶ ናቸው፣ ንጹሕ ናቸው። አየሩ የተዘጋ ቤት አየር አይደለም። አሁን ሰው የወጣበት ይመስላል።

ወጥ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ እናቴ አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሳች።

"ይቅርታ... ሥራ አስፈታንሽ" አለች።

"ለማን ነው፣ እማዬ?"

"ለሴትየዋ ነዋ!"

አቶ ኦሪሃራ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ ታዲያ?

ሌላም ነገር አይቻለሁ። እቃ ማጠቢያው ፊት ለፊት የወለሉ ቀለም ለቆ ነበር። ሁለት ቦታ ላይ፣ የእግር መዳፍ ያህል። አንድ ሰው ለዓመታት እዚያው ቦታ ላይ የቆመ ይመስላል።

ሳላስበው ሄጄ ቆምኩበት።

እግሬ ልክክ አለ።

ገዛሁት።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደ ገነት ነበሩ። በረዶው ውጭ ይጥላል፣ እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ አየዋለሁ። እናቴም ተረጋጋች። እኔ ሥራ ስሆን እኩለ ቀን ላይ አንዲት የቤት ለቤት ተንከባካቢ መጥታ ምሳ ታበላትና ትሄዳለች።

ከዚያ ልብሱ መጣ።

አንድ ቀን ጠዋት ያጠብኩትን ልብስ በረንዳው ላይ አስጥቼ ሄድኩ። መንገድ ላይ በረዶ ሲጀምር "አለቀልኝ፣ ዳግመኛ ላጥብ ነው" እያልኩ ገባሁ።

ልብሱ ተሰብስቧል። ታጥፏል። የእናቴ ለብቻ፣ የእኔ ለብቻ። ካልሲዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተጠቅልለዋል።

ተንከባካቢዋ ናት አልኩ። እግዜር ይስጣት።

በነጋታው ሩዙ ታጥቦ ማብሰያው ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ውሃው ልክ ነው። እኔ እንደምወደው፣ ትንሽ አነስ ያለ።

ሌላ ቀን የመታጠቢያው ገንዳ ሙቅ ውሃ ሞልቶ ጠበቀኝ። እንፋሎቱ ገና ይወጣል። ተንከባካቢዋ ከወጣች ቆይታለች። ውሃው ግን አሁን የተቀዳ ነው...

እዚህ ላይ መጮህ ነበረብኝ፣ አይደል? እናቴን አንጠልጥዬ መሮጥ ነበረብኝ።

እኔ ግን ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ።

ልብሴን አውልቄ ገባሁበት። እስከ አንገቴ። ዓይኔን ጨፍኜ አለቀስኩ። ለእኔ ውሃ ያሞቀልኝ ሰው ከልጅነቴ ወዲህ አልነበረም።

ማነሽ አላልኩም። መልሱን ካወቅኩ ይቀርብኛል ብዬ ፈራሁ።

ጥር እንዲህ አለፈ። እኔ እየወፈርኩ መጣሁ። ፋብሪካ ውስጥ "ሚዮኮ፣ ባል አገባሽ እንዴ? ፊትሽ በራ!" ብለው ይቀልዱብኛል።

አንድ ከሰዓት ተንከባካቢዋ ደወለች።

"እመቤቴ፣ ዛሬ ቶሎ ወጣሁ፣ እንዳይቀየሙኝ። እህትዎ ምሳ አብልተዋቸው ስለነበር ነው።"

"የቷ እህቴ?"

"ወጥ ቤት ያሉት ናቸዋ። እቃ እያጠቡ ነበር። ሰላም ስላቸው ሳይዞሩ አንገታቸውን ዝቅ አደረጉልኝ። መጀመሪያ እርስዎ መስለውኝ ደንግጬ ነበር... ትከሻዎ፣ ፀጉርዎ... ቁርጥ እርስዎን ናቸው እኮ!"

እህት የለኝም። ያለኝ አንድ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሹንጂ፣ እሱም ሩቅ ሺዙኦካ ነው የሚኖረው።

"እሺ... አመሰግናለሁ" ብዬ ዘጋሁት።

እናቴ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች። ጎንበስ አልኩና ጥፍሯን ልቆርጥላት እጇን ያዝኩ። ተቆርጧል። ጫፉ ሳይቀር ተሞርዷል።

"እማዬ" አልኳት በሹክሹክታ። "ቀን ቀን ማን ይመጣል?"

"ማንም አይመጣም።"

"እውነቷን ንገሪኝ።"

"ማንም አይመጣም አልኩሽ!" ተቆጣች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ወደ ወጥ ቤቱ አየች። "መቼ ወጥታ ነው የምትመጣው?"

ዞር አልኩ።

ወጥ ቤቱ ባዶ ነው። ቧንቧው ግን... ጠብ... ጠብ...

ጎረቤቴ እትዬ ቶኪኤ ይባላሉ። ባላቸው ከሞተ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ በረንዳችን ጎን ለጎን ነው። ወሬ ይወዳሉ። ስለ እኔ ቤት ግን አንድም ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም። በማግስቱ በራቸውን አንኳኳሁ።

"እትዬ፣ ከእኔ በፊት እዚያ ቤት ማን ነበር?"

ሻይ ሲቀዱ እጃቸው ቆመ።

"ደላላው አልነገረሽም?"

"ማንም አልሞተበትም ብሎኛል።"

"እሱማ እውነቱን ነው።" ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡት። "እናትየዋ ሆስፒታል ነው የሞተችው። ቺዙሩ ደግሞ... ቺዙሩን ሞታለች የሚል ሰው የለም።"

"ቺዙሩ ማናት?"

"ልጇ። እንዳንቺው ያላገባች። ስንት ዓመት እናቷን እንዳስታመመች ልንገርሽ? ወጣት ሆና ጀምራ ፀጉሯ እስኪሸብት። ሁልጊዜ ትሮጣለች፤ ሁልጊዜ ይቅርታ ትላለች። አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ አግኝቻት ምነው ከሳሽ ብላት፣ 'እትዬ፣ ምነው ሁለት በሆንኩ' አለችኝ።"

"ከዚያስ?"

"እናቷ ከተቀበረች በኋላ አልታየችም። ዘመዶቿ መጡ። ቁልፋቸው በሩን ከፈተው፣ ሰንሰለቱ ግን ከውስጥ ታስሯል። እሳት አደጋ መጥቶ ቆረጠው። እኔም ከኋላቸው ቆሜ ነበር።"

እትዬ ቶኪኤ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"ጫማዋ በሩ ሥር ነበር። ካፖርቷ ተሰቅሏል። ሩዙ ማብሰያው ውስጥ ትኩስ ነበር፣ ልጄ። ትኩስ! እሷ ግን... የለችም። በረንዳውም ቁም ሳጥኑም ተፈተሸ። የለችም።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ምን ብዬ? ሰው አልሞተ።" ዓይናቸውን ከእኔ አሸሹ። "ደግሞ... ስትመጪ ፊትሽን ሳየው በጣም ደክሞሽ ነበር። ምናልባት ቺዙሩ ትረዳሽ ይሆናል አልኩ።"

ወደ ቤቴ ስመለስ ለሹንጂ ደወልኩ። ስለ ሴትየዋ አልነገርኩትም፤ እናቴን ይዤ ልመጣ ነው አልኩት ብቻ።

"ምነው፣ ቤቱ አልተስማማሽም?"

"ተስማምቶኛል። ችግሩ እሱ ነው።"

"እህቴ፣ አልገባኝም።"

"ተወው። ቅዳሜ እንመጣለን።"

ቅዳሜ ግን አልጠበቀችንም።

በማግስቱ ነው። ከሥራ ወጥቼ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይ በረዶው ላይ እያንጸባረቀች፣ ከሊፍት ወረድኩ። ቁልፌን አስገባሁ። በሩ ተከፈተ... ቀጭ! ብሎ ቆመ።

ሰንሰለቱ ከውስጥ ታስሯል።

እናቴ እዚያ ድረስ መራመድ አትችልም።

ደወሉን ነካሁት። ከውስጥ የእናቴ ድምፅ መጣ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ እማዬ። ሚዮኮ።"

ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

ከዚያ ሹክሹክታ። ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩ ይመስላል። አንዷ ትጠይቃለች፣ አንዷ ትመልሳለች። ቃላቱ አይሰሙም።

"ተሳስተሻል" አለች እናቴ በትህትና፣ ለእንግዳ እንደምትናገረው። "ሚዮኮ ቤት ናት።"

ዓይኔን በተከፈተው ክፍተት ላይ አደረግኩ።

እናቴ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ዊልቸሯ ውስጥ ተቀምጣለች። ፊቷ ወደ እኔ ነው። ከኋላዋ አንድ ሰው ቆሞ ፀጉሯን ያበጥራል። ፊቱ አይታይም፤ የበሩ ጠርዝ ይከልለዋል። የሚታዩኝ እጆቹ ብቻ ናቸው።

ቀስ... ቀስ... ከላይ ወደ ታች።

እጆቹ ቀይ ናቸው። በውሃ ብዛት የተሰነጣጠቁ፣ አንጓቸው ያበጠ። የሚሠራ ሰው እጅ። እናቴ እንደዚያ ተደስታ አይቻት አላውቅም። ዓይኗን ጨፍና እንደ ድመት አንገቷን ትሰጣለች።

"ይቺ ሴትዮ ምን ፈልጋ ነው?" ስትል ከኋላዋ የቆመውን ሰው ጠየቀች።

እጆቹ ቆሙ።

መጮህ አቃተኝ። በሩን መግፋትም አቃተኝ። ከበሩ ውጭ፣ ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ፣ ከነካፖርቴ ቁጭ አልኩ። ግንባሬን በሩ ላይ አስደገፍኩ።

እውነቱን ልንገራችሁ? አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ተነስተሽ ሂጂ የሚል። ሊፍቱ እዚያው ቆሟል። እናትሽ ጠግባለች፣ ታጥባለች፣ ተደስታለች። ማንም አይፈልግሽም። ሂጂና ተኚ...

ከዚያ እናቴ ሳለች። ያቺን ደረቅ ሳሏን። ልጅ ሆኜ ከሌላኛው ክፍል የምሰማት፣ ቤት ውስጥ እንዳለች የማውቅባት ሳል።

"ቺዙሩ" አልኩ በሹክሹክታ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ቧንቧው እንኳ።

"ቺዙሩ... ስላደረግሽልን ሁሉ አመሰግናለሁ። ከልቤ ነው። ግን እናቴ ናት። እኔ ነኝ የማስታምማት። የአንቺ እናት ሄዳለች... በቃሽ። እባክሽ ስጪኝ።"

ብዙ ቆየ። እግሬ ደነዘዘ።

በመጨረሻ በሩ በዝግታ ተዘጋ። ሰንሰለቱ ተንቀጫቀጨ። ከዚያ በሩ በራሱ ተከፈተ።

እናቴ ደፉ ላይ ነበረች። ብቻዋን። ካፖርቷን ለብሳ፣ እስከ አንገቷ ተቆልፎላት። ሻርፕ፣ ጓንት፣ ጫማ። ጉልበቷ ላይ የመንገድ ቦርሳዋ፣ መድኃኒቷ ሳይቀር ተዘጋጅቶ።

"እንሂድ" አለችኝ።

ወደ ውስጥ አልገባሁም። ዊልቸሩን ጎትቼ ሊፍት ውስጥ አስገባሁት። ታክሲ ላይ ሳወጣት ቀለለችኝ። ፍርሃቱ ነው ጉልበት የሰጠኝ ብዬ አለፍኩ። ባቡር ጣቢያ ድረስ እጇን አልለቀቅኩም። እሷ አንድ ጊዜም ወደ ኋላ ዞራ አላየችም።

ሺዙኦካ በረዶ የለም። ሹንጂ ቤት ጓሮ መንደሪን ተንዠርግጎ፣ ፀሐይ ሳሎን ድረስ ገብታ ትተኛለች። እኔም ተኛሁ። ቀን ከሌት ተኛሁ።

እናቴ ተሻላት። በጣም ተሻላት።

"እህቴ፣ እማዬ እኮ ድናለች!" ይለኛል ሹንጂ እየሳቀ። "የልጆቼን ስም እየለየች ትጠራለች። ሌሊት አንዴም አትቀሰቅሰንም። ምን አድርገሽ ነው ስታሳብጃት የኖርሽው?"

"አየሩ ነው" አልኩት።

ስለ አባቴ ምሳ አትጠይቅም። ስለ ኒጋታ አትጠይቅም። ያቺ ሳሏም ለቀቀቻት። ሾርባ ስሰጣት አንገቷን ዝቅ አድርጋ "ይቅርታ፣ አስቸገርኩሽ" ትለኛለች።

እናቴ በዕድሜዋ ይቅርታ ብላኝ አታውቅም።

የካቲት መጨረሻ ላይ፣ ከምሳ በኋላ፣ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ቶኪኤ ናቸው።

"አንቺ ልጅ! ስትመለሱ እንኳ በሬን አታንኳኪም?" አሉኝ በኩርፊያ።

"አልተመለስንም እኮ፣ እትዬ። ወንድሜ ቤት ነን።"

"አትቀልጂብኝ። አሁን በረንዳዬ ላይ ሆኜ ነው የማወራሽ። እናትሽ በረንዳችሁ ላይ ተቀምጣለች። ምነው ካፖርት ብታለብሻት? በረዶ እየጣለ ነው፣ እንደዚያ እየሳለች! ስጠራት ደግሞ ታለቅሳለች። ሚዮኮ መቼ ነው የምትመጣው እያለች..."

ስልኩን ዘጋሁት።

እናቴ ከፊቴ፣ ፀሐዩ ላይ ተቀምጣ መንደሪን ትልጣለች።

"ማን ነበር?"

"እትዬ ቶኪኤ።"

"ምን አለች?"

"ምንም... በረዶ እየጣለ ነው አሉኝ።"

ከመንደሪኑ ላይ ነጫጩን ክር አንድ በአንድ ትለቅማለች። ጣቶቿ ፈጣን ናቸው። ከዚያ ቀና ሳትል፣ በሹክሹክታ...

"ካፖርቱ አንድ ብቻ ነበር" አለችኝ።

የላጠችውን መዳፌ ላይ አስቀመጠች። ጣቶቼን በቀስታ አጥፋ ዘጋችልኝ።

"ብዪ። ደክሞሻል።"

በላሁት።